ስፒልበርግ ወይስ ራሜሽ ሲፒ? የታላቅ ዳይሬክተር ክርክር በምን ይመዘን

የሆሊውድና የህንድ ፊልም አፍቃሪዎች በተገናኙ ቁጥር አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም፤ ከሁለቱ ወገን ታላቁ ዳይሬክተር ማን ነው? አንዱ ክሪስቶፈር ኖላንን ሲጠራ ሌላው ኤስ. ኤስ. ራጃሙሊን ያነሳል። አንዱ ኦስካር ይቆጥራል፣ ሌላው የገቢ አሃዝ ይደረድራል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ክርክሩ ይበልጥ ጦፏል። በማርች 2023 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የራጃሙሊ «አርአርአር» «ናቱ ናቱ» በተሰኘው ዘፈኑ ኦስካር ወሰደ። ዓመት ቆይቶ ኖላን በ«ኦፐንሃይመር» የመጀመሪያውን የምርጥ ዳይሬክተር ኦስካሩን ተቀበለ። ሁለቱም ጎራ የሚጠቅሰው ማስረጃ አገኘ፤ ክርክሩ ግን አንድ ስንዝር ፈቀቅ አላለም።

ፈቀቅ ያላለው የምንከራከረው ስለ ስም እንጂ ስለ ሥራው ስላልሆነ ነው። የዳይሬክተር ሥራ ውሳኔ ነው። ካሜራው የት ይቁም፣ ተዋናዩ መቼ ይነሳ፣ ሾቱ የት ይቆረጥ፣ ተመልካቹ ምን ይስማ፣ ምን ይደበቅበት የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ውሳኔው ጎልቶ የሚታየው ደግሞ አንድ ነገር ሲበላሽ ወይም ሲያጥር ነው። ስለዚህ ሁለት ዳይሬክተሮችን ማወዳደር የፈለገ ሰው፣ በተቀራራቢ ጊዜና በተቀራራቢ ጭንቀት ውስጥ የሠሯቸውን ሁለት ፊልሞች ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። ለዚህ ከ1975 የተሻለ ዓመት አላውቅም።

ስቲቨን ስፒልበርግ በዲሴምበር 1946፣ ራሜሽ ሲፒ በጃንዋሪ 1947 ተወለዱ፤ የሚበላለጡት በአምስት ሳምንት ብቻ ነው። ሰው የሚበላ ሻርክን ስለሚያድኑ ሰዎች የሚተርከው የስፒልበርግ «ጆዝ» ጁን 20 ቀን 1975 አሜሪካ ውስጥ መታየት ጀመረ። አንድ የቀድሞ ፖሊስ ሽፍታ እንዲይዙለት ስለቀጠራቸው ሁለት ወንበዴዎች የሚተርከው የሲፒ «ሾሌ» ደግሞ በዚያው ዓመት ኦገስት 15፣ በህንድ የነጻነት ቀን ወጣ። ሁለቱም ፊልሞች ከተያዘላቸው ጊዜና ገንዘብ አልፈው ሄደዋል፤ ሁለቱም የየአገራቸውን የፊልም ንግድ ለውጠዋል፤ ሁለቱም ዳይሬክተሮች ሥራውን ሲጀምሩ ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

ሽልማትን መለኪያ ላደረገ ሰው እነዚህ ሁለት ፊልሞች አስቸጋሪ ናቸው። «ጆዝ» በኤዲቲንግ፣ በሙዚቃና በድምፅ ሦስት ኦስካር ሲያገኝ ስፒልበርግ በዳይሬክተርነት ለዕጩነት እንኳ አልቀረበም። «ሾሌ» በህንዱ የፊልምፌር ሽልማት ያገኘው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የኤዲተሩ የኤም. ኤስ. ሺንዴ ነበር። የሆሊውዱ ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ አምስት ጊዜ ታጭቶ የዳይሬክተር ኦስካር ሳይወስድ ሞተ። ኩብሪክም በዳይሬክተርነት አልተሸለመም። ማርቲን ስኮርሴዚ የወሰደው በ2007 ሲሆን፣ ያስገኘለት «ዘ ዲፓርትድ» የሆንግ ኮንግ ፊልም ዳግም ሥሪት ነው። የሃያሲዎች ምርጫም ከዚህ ብዙ አይሻልም። የብሪታንያው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት በየአሥር ዓመቱ በሚያካሂደው ምርጫ በ2012 ድምፅ የሰጡት 846 ነበሩ፤ በ2022 ቁጥሩ 1,639 ሲደርስ አንደኛው ፊልም ተለወጠ። ፊልሞቹ እዚያው ናቸው፤ የተለወጠው መራጩ ነው። በገቢ መመዘንም እንዲሁ ነው። «ሾሌ» በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የከሰረ መስሎ ነበር፤ በኋላ ቦምቤይ በሚገኘው ሚኔርቫ ሲኒማ ቤት አምስት ዓመት ታየ።

ወደ ሥራው እንግባ። ለ«ጆዝ» የተያዘው የቀረጻ ጊዜ 55 ቀን ነበር፤ 159 ቀን ፈጀ። በጀቱም ከ4 ሚሊዮን ወደ 9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ። ችግሩ ከሁለት ነገር የመጣ ነው። አንደኛው ስፒልበርግ በስቱዲዮ ገንዳ አልቀርጽም ብሎ ማሳቹሴትስ ውስጥ በማርታስ ቪንያርድ ደሴት ዳርቻ፣ በእውነተኛ ባሕር ላይ መሥራቱ ነው። ማዕበሉ ጀልባዎቹን ካቆሙበት ይገፋቸዋል። ባዶ መሆን ያለበት አድማስ ላይ የሽርሽር ጀልባ ብቅ ይላል፤ እስኪያልፍ መጠበቅ ግድ ነው። ታሪኩ ሦስት ሰዎች ደራሽ በሌለበት ባሕር ላይ ብቻቸውን ቀሩ ስለሚል፣ ከበስተኋላ አንድ ሸራ ከታየ ፍርሃቱ ይፈርሳል። ሁለተኛው ችግር ሻርኩ ነበር። በታመቀ አየር የሚንቀሳቀሱ ሦስት ሰው ሠራሽ ሻርኮች ተሠርተው ነበር፤ በባሕር ውሃ ግን አልተሞከሩም። ጨዋማው ውሃ ውስጣቸውን እየበላ ከጥቅም ውጪ አደረጋቸው።

ስፒልበርግ የወሰነው ሻርኩን መደበቅ ነው። በመጀመሪያው ትዕይንት የምትሞተው ዋናተኛ በማሰሪያ ታስራ ወዲያና ወዲህ ስትጎተት እናያለን እንጂ የሚጎትታትን አናይም። ኋላ ላይ ሻርኩን ተክተው የሚንቀሳቀሱት በጦር የተሰኩበት ቢጫ በርሜሎች ናቸው፤ በርሜሉ ወደኛ ሲመጣ ሻርኩ መጣ ማለት ነው። እንስሳው በግልጽ ብቅ የሚለው ፊልሙ ከተጀመረ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው።

«ሻርኩ ስለተበላሸ ፊልሙ ሰመረ» የሚለው የተለመደ ትረካ ግን ግማሹን ብቻ ይናገራል፤ የዳይሬክተሩንም ድርሻ ይነጥቃል። የባሕር ዳርቻውን ትዕይንት እንመልከት። ፖሊስ አዛዡ ብሮዲ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ከውሃው አልነቅልም ብሏል። በካሜራውና በእሱ መካከል የዋና ልብስ የለበሱ ሰዎች ያልፋሉ። አንድ ሰው ባለፈ ቁጥር ምስሉ ለቅጽበት ይጋረዳል፤ ሲገለጥ ብሮዲ ከበፊቱ ቀርቦ ይታያል። ቆረጣው በአላፊ አግዳሚው ገላ ስለተሸፈነ አይታወቀንም፤ ጭንቀቱ እየቀረበን እንደመጣ ብቻ ይሰማናል። ጥቃቱ ሲደርስ ካሜራው ወደ ብሮዲ ፊት እየተገፋ ሌንሱ በተቃራኒው ይሰፋል። የሰውየው ፊት መጠኑን ሳይለውጥ ከጀርባው ያለው ዳርቻ ወደ ኋላ ይሸሻል። ይህን ዘዴ ሂችኮክ በ1958 «ቨርቲጎ» ላይ ከፍታ የሚፈራን ሰው ለማሳየት ተጠቅሞበታል፤ ስፒልበርግ ለሌላ ዓይነት ድንጋጤ አዋለው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የተበላሸ ማሽን ድርሻ የለውም።

ፊልሙ ለሙከራ ለተመልካች ከቀረበ በኋላም ስፒልበርግ አንድ ተጨማሪ ድንጋጤ ፈለገ። በኤዲተሯ በቨርና ፊልድስ መዋኛ ገንዳ ውስጥ የወተት ዱቄት በትነው ውሃውን ካደፈረሱ በኋላ፣ ከተሰበረ ጀልባ ቀዳዳ ብቅ የሚለውን የሞተ ሰው ጭንቅላት እዚያ ቀረጹት። ሲኒማ ቤት ውስጥ ሰው በጩኸት ከመቀመጫው የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

የሲፒ ችግር ሌላ ዓይነት ነበር። «ሾሌ» ከሦስት ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ በውስጡ ፍቅር፣ ሳቅ፣ ዘፈን፣ ግድያና ሐዘን አለ። ለቀረጻው ባንጋሎር አጠገብ በራማናጋራ ቋጥኞች መካከል አንድ ሙሉ መንደር ተሠራ። ካሜራው በኦክቶበር 1973 ተነስቶ ሥራው ወደ ሁለት ዓመት ዘለቀ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሲፒን አቅም የሚያሳየኝ የባቡር ላይ ውጊያው አይደለም፤ አንድ ቃል የማይነገርበት አጭር ትዕይንት ነው። ጃያ ባሃዱሪ የምትጫወታት ባሏ የሞተባት ራዳ ነጭ ለብሳ ከላይ በረንዳው ላይ ፋኖሶቹን አንድ በአንድ ታጠፋለች። አሚታብ ባቻን የሚጫወተው፣ ከሁለቱ ቅጥረኞች አንዱ የሆነው ጃይ ከታች ተቀምጦ ሀርሞኒካ ይነፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ 20 ቀን ያህል ቀረጻ አስፈልጓል። ሲፒና የካሜራ ባለሙያው ድዋርካ ዲቬቻ የፈለጉት ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ለዓይን ሲይዝ ያለውን ብርሃን ነው። ሰማዩ ገና ሰማያዊ ነው፤ የፋኖሱ ቢጫ ብርሃን ግን መታየት ጀምሯል። ቀድመው ከቀረጹ ፋኖሱ አይታይም፤ ከዘገዩ ቤቱ በጨለማ ይዋጣል። ሁለቱ የሚመጣጠኑት በቀን ለጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሁሉን አሰናድቶ መጠበቅ፣ አንዴ ወይም ሁለቴ መቅረጽ፣ የሆነ ነገር ከተሳሳተ ለነገ ማሳደር ነበር ሥራቸው። ሁለቱ ሰዎች አብረው እንደማይኖሩ ተመልካቹ የሚረዳው ከዚህ ብርሃንና ከከፍታው ልዩነት ነው። እሷ ከላይ፣ እሱ ከታች፤ እሱ ዓይኑን በጣለባት ጊዜ ሁሉ እሷ አንድ መብራት ታጠፋለች።

የሽፍታው የጋባር ሲንግ አገባብም እንዲሁ በትዕግሥት የተሠራ ነው። ስሙን ለረጅም ጊዜ ከሰማን በኋላ መጀመሪያ የምናየው ቋጥኝ ላይ የሚረግጥ ቡትስ ነው፤ የምንሰማው ደግሞ ድንጋዩ ላይ የሚጎተት የቀበቶ ብረት ድምፅ። ፊቱ ወዲያው አይመጣም። ስፒልበርግ ሻርኩን እንደደበቀው ሲፒም ሰውየውን ደብቆታል፤ ሲፒ ግን ያስገደደው የተበላሸ መሣሪያ አልነበረም።

እዚህ ላይ በክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ዳይሬክተር የሚለው መጠሪያ አንድ ይሁን እንጂ በሁለቱ አገር የሥራው ቅደም ተከተል አንድ አይደለም። በሆሊውድ አሠራር በአብዛኛው ፊልሙ ይቀረጻል፣ ኤዲት ይደረጋል፣ ከዚያ የሙዚቃ ደራሲው ምስሉን እያየ ይጽፋል። ጆን ዊሊያምስ ሁለቱን የሻርክ ኖታዎች ያመጣው በዚህ መንገድ ነው። በህንድ የዘፈን ትዕይንት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዘፈኑ ቀድሞ በድምፃዊ ይቀረጻል፤ ቀረጻ ቦታው ላይ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፤ ተዋናዩ ከንፈሩን ከግጥሙ ጋር ያስማማል፤ ካሜራውም ቆረጣውም ምቱን ይከተላሉ። ዳይሬክተሩ ጊዜውን መዘርጋት ወይም ማሳጠር አይችልም፤ ጊዜው ተወስኖ መጥቷል። እንቅስቃሴውን የሚነድፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ የዳንስ አሠልጣኙ ነው፤ በ«ናቱ ናቱ» ይህን የሠራው ፕሬም ራክሺት ነው። ለዳይሬክተሩ የሚቀረው ትልቁ ውሳኔ ዘፈኑ የት ይግባና ሲያልቅ በታሪኩ ምን ተለውጦ ይገኝ የሚለው ነው። በደካማ ዳይሬክተር እጅ ዘፈኑ ሲያልቅ ሰዎቹ ከመጀመሩ በፊት የነበሩበት ቦታ ላይ ናቸው።

«ሾሌ» መጨረሻ አካባቢ የመንደሩ ልጅ ባሳንቲ የምትጨፍርበት ዘፈን የተቃራኒው ምሳሌ ነው። ጋባር ፍቅረኛዋን፣ የጃይን ጓደኛ ቪሩን አስሮታል፤ እግሯ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ብቻ እንደሚኖር ይነግራታል። የጋለ ድንጋይ ላይ ትጨፍራለች፤ ሰዎቹ ጠርሙስ እየሰበሩ መረማመጃዋ ላይ ይጥላሉ። እዚህ ጭፈራው ሰዓት ነው፤ ዘፈኑ ካለቀ ሰው ይሞታል። ሂችኮክ በቦምብና በሰዓት ቆጣሪ የሚያመጣውን ጭንቀት ሲፒ በዘፈን አመጣው። የህንድ ፊልም ዳይሬክተር ችሎታ የሚለካበት ትክክለኛ ቦታ ይህ ነው።

ለእኛ አገር ተመልካች ነገሩ የሚከብደው እዚህ ጋ ነው። የህንድም የሆሊውድም ፊልም ወደ ብዙ ቤት የሚገባው በአማርኛ ትርጉም ነው። በአንድ ተራኪ ድምፅ በሚሠሩት ትርጉሞች ውስጥ ዘፈኖቹ ብዙ ጊዜ ይቆረጣሉ፤ ዋናው ድምፅ ይደበዝዛል፤ ዝም የተባለበት ቦታም በንግግር ይሞላል። ታሪኩን ለማድረስ ጥሩ አገልግሎት ነው፤ ፊልም ለብዙ ሰው ያደረሱ ባለሙያዎችም ምስጋና ይገባቸዋል። ዳይሬክተርን ለመመዘን ግን አይሆንም። የራዳን ፋኖሶች አንድ ሰው «አሁን ራዳ አዝናለች» እያለ ከተረከባቸው 20 ቀን የተለፋበት ነገር ጠፋ። የባሳንቲ ጭፈራ ከተቆረጠ ደግሞ ታሪኩ ራሱ ተቆረጠ። ከዚህ ዓይነት ቅጂ ተነስቶ «የህንድ ዳይሬክተር ማስረዘም እንጂ መቁጠብ አያውቅም» የሚል ሰው የሚናገረው ስላላየው ፊልም ነው።

በቁም ነገር ማወዳደር የፈለገ መጀመሪያ የፊልሙን ሙሉ ርዝመት ያረጋግጥ፤ «ጆዝ» 124 ደቂቃ ነው፣ «ሾሌ» ከሦስት ሰዓት በታች ከሆነ የተቆረጠ ነው። ከዚያ ከእያንዳንዱ የሦስት ደቂቃ ያህል ትዕይንት መርጦ ሦስት ጊዜ ይየው። በመጀመሪያው ድምፁን አጥፍቶ ማን ከማን በላይ እንደቆመ፣ ማን እንደሚቀርብና ማን እንደሚርቅ ያስተውል። በሁለተኛው ስክሪኑን ሸፍኖ ያዳምጥ፤ ጋባር ወደ ፊልሙ የገባው በቀበቶው ድምፅ ነውና። በሦስተኛው ቆረጣዎቹን ይቁጠርና ለምን እዚያ እንደተቆረጠ ይጠይቅ። የቆረጣ ብዛት ብቻውን ችሎታን አያሳይም። ሂችኮክ በ1960 «ሳይኮ» ላይ 45 ሰከንድ ገደማ ለሚቆየው የሻወር ግድያ ሰባት ቀን ቀርጾ ከሃምሳ በላይ ቆረጣ ተጠቅሟል፤ ቢላዋው ገላዋን ሲወጋ በግልጽ ሳያሳይ ያየን እንዲመስለን ፈልጎ ነው። የፋኖሱ ትዕይንት በዚያ ብዛት ቢቆረጥ ኖሮ ይሞት ነበር።

ሌላው ስህተት የህንድ ሲኒማን ከቦሊውድ፣ ማለትም በሂንዲ ቋንቋ ከሚሠራው ሲኒማ ጋር አንድ ማድረግ ነው። ራጃሙሊ የሚሠራው በቴሉጉ ነው፤ ማኒ ራትናም በአብዛኛው የሚሠራው በታሚል ነው፤ ከሁሉ በላይ የማስቀምጠው ሳትያጂት ሬይ ደግሞ ቤንጋሊ ነው። በ2022ቱ የ«ሳይት ኤንድ ሳውንድ» ምርጫ የእሱ «ፓተር ፓንቻሊ» 35ኛ ወጥቷል። ሬይ ይህን ፊልም ሲጀምር የማስታወቂያ ድርጅት ሠዓሊ ነበር። የካሜራ ባለሙያው ሱብራታ ሚትራ 21 ዓመቱ ነበር፤ የፊልም ካሜራ ይዞ አያውቅም። በኦክቶበር 1952 ሁለቱ ልጆች ነጭ አበባ ባለው ረጅም ሣር ውስጥ ሆነው ባቡር የሚያዩበትን ትዕይንት ጀመሩ። በሳምንቱ ሲመለሱ ከብቶች አበባውን ግጠው ጨርሰውታል፤ እስኪያብብ ዓመት ጠበቁ። ገንዘብ እያለቀ ቀረጻው ተቋረጠ። በዚህ መሃል የልጁ ድምፅ ከጎረነነ፣ እህቱ አድጋ ከተለወጠች፣ ወይም የሰማንያ ዓመት ገደማ የሆኑት ተዋናይት ከሞቱ ሁሉም ነገር ያበቃ ነበር። ፊልሙ በምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ገንዘብ ተጠናቆ በ1955 ወጣ።

በቀጣዩ ፊልም፣ በ1956ቱ «አፓራጂቶ»፣ የቤናሬስን ቤት ግቢ ካልካታ ስቱዲዮ ውስጥ መሥራት ግድ ሆነ። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ብርሃን የሚመጣው ከላይ ከሰማይ ነው፤ ጥላ አይጥልም። የስቱዲዮ መብራት ግን በእያንዳንዱ ሰው ስር ጥላ ይጥላል። ሚትራ ግቢው ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥሮ መብራቶቹን ከታች ወደ ጨርቁ አዞራቸው፤ ነጥሮ የሚመለሰው ልስልስ ብርሃን የሰማይ ብርሃን ሆነ። ይህ የሚትራ ግኝት ነው። ግቢው ስቱዲዮ ውስጥ እንዲሠራ ሲወሰን የሰማይን ብርሃን እዚያ ማምጣት አይቻልም ብሎ የተከራከረውም እሱ ነበር፤ የሬይ ድርሻ ሚትራ ያገኘውን መፍትሔ ለፊልሙ መቀበሉ ነው። የዳይሬክተርንና የባለሙያን ድርሻ የምለየው በዚህ መንገድ ነው።

ፍርዴን ልስጥ። በ1975ቱ ውድድር የሲፒ ሥራ ይከብዳል፤ ሳቅን፣ ዘፈንንና እልቂትን በአንድ ፊልም ይዞ አንዱ ሌላውን ሳይገድለው ማድረስ ከአንድ ፍርሃት ጋር ከመቆየት ይበልጣል። በሙያ ዘመን ከሆነ ስፒልበርግ ያለ ጥርጥር ይቀድማል፤ ሲፒ «ሾሌ»ን የሚያክል ሁለተኛ አልሠራም። ከሁለቱም አገር አንድ ሰው ብቻ ምረጥ ከተባልኩ ሬይን እመርጣለሁ። ስክሪፕቱን ይጽፋል፣ ትዕይንቱን በሥዕል ይነድፋል፤ ከ1961 ጀምሮ ሙዚቃውን ራሱ ደርሷል፣ ከ1964ቱ «ቻሩላታ» ጀምሮ ካሜራውን ራሱ ይዟል። ከሠላሳ በላይ ፊልሞቹን ሲሠራ በሁለቱም አገር ዳይሬክተሮችን የሚያጎብጣቸው የፕሮዲውሰርና የኮከብ ጫና እሱን አላጎበጠውም።

ያ ጫና ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በ1942 አርኬኦ ስቱዲዮ ዳይሬክተሩ ኦርሰን ዌልስ ብራዚል ሳለ «ዘ ማግኒፊሰንት አምበርሰንስ» ላይ ከ40 ደቂቃ በላይ ቆርጦ መጨረሻውን በሌላ ቀረጻ ተካ። በህንድ ያው ሥራ የሳንሱር ቦርዱ ነበር። «ሾሌ» የወጣው በጁን 1975 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ሁለት ወር ሳይሞላ ነው። በሲፒ መጨረሻ ሁለት እጁን በጋባር የተቆረጠው ታኩር ምስማር በተመታበት ጫማ ሽፍታውን ረግጦ ይገድለዋል። ቦርዱ የቀድሞ ፖሊስ ሕግን ተላልፎ አይበቀልም አለ፤ ሲፒ መጨረሻውን እንደገና ቀርጾ ፖሊስ ደርሶ ጋባርን እንዲይዘው አደረገ። ለሃምሳ ዓመት ያህል በሲኒማ ቤት የታየው ይህ ነው። በጁን 2025 ቦሎኛ፣ ጣልያን ውስጥ የታየው የታደሰው ቅጂ የመጀመሪያውን መጨረሻ መልሷል። ሁለቱን ያየ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያገኘዋል። እጅ የሌለው ሰው በእግሩ እንዲጨርስ ምስማሩ ጫማው ላይ ሲመታ የሚያሳየው ትዕይንት ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በተለወጠው መጨረሻ ያ ዝግጅት ዋጋ አጣ። ከገደለው በኋላ ታኩር ደስ አይለውም፤ ተሰብሮ ያለቅሳል። ሲፒን በአዲሱ ቅጂ የሚመዝን ሰው በቀሉ ባዶ እንደነበር የሚያውቅ ዳይሬክተር ያገኛል፤ በአሮጌው ቅጂ የሚመዝነው ግን ያንን አያይም።